በኬንቲሽ ታውን ለዳኝነት የተቀመጥኩበት ሳምንት

ከተመለስኩ ወዲህ የዶርም ጓደኞቼ «ለንደን እንዴት ናት?» ሲሉኝ ስለ ድልድዩና ስለ ትልቁ ሰዓት እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። ሁለቱንም ያየኋቸው በዝናብ በተሸፈነ የአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ከእኔ ይልቅ ፖስትካርድ በደንብ ያሳያቸዋል። በአንድ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ጠባብ ቤት ውስጥ ስለተነሳው የአሜሪካ ሙግት ግን ብዙ የምለው አለኝ። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

ሰኞ

ልሄድ የነበረው እኔ አልነበርኩም። የክርክር ክበባችን የመረጠው አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። እሱ ቪዛ ሲከለከል ተጠባባቂ ሆኜ ለተመዘገብኩት ለእኔ ተፈቀደልኝ። ስሜን ሲጠሩ የኔ ስም አልመሰለኝም። የቡድኑ ዋና ተናጋሪ ናሆም ሦስተኛ ዓመት ነው፤ እኔ ደግሞ ገና አንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ፤ የሕገ መንግሥት ትምህርት እንኳን አልጀመርኩም።

የውድድሩ ርእስ ቀድሞ ተልኮልናል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በፊርማቸው ብቻ ትእዛዝ የማውጣት ሥልጣናቸው ሊገደብ ይገባል ወይስ አይገባም? የትኛውን ወገን ይዘን እንደምንከራከር የሚታወቀው እዚያው ዕጣ ሲወጣ ስለሆነ ለሁለቱም ተዘጋጅተናል። ናሆም ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለን ጥያቄ ይወረውርብኛል፤ እኔ አንዴ ፕሬዚዳንቱን እከሳለሁ፣ አንዴ ጥብቅና እቆማለሁ። ከአጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት ሰምተው ሰምተው «ልጄ፣ ቁርጥሽን እወቂ እንጂ» አሉኝ።

እናቴ ከደሴ ደውላ ሹራብ እንድደርብ አስጠነቀቀችኝ። የጦሳ ተራራን ብርድ ለብሶ ያደገ ሰው ብርድ ይፈራል እንዴ ብዬ ሳቅሁባት።

ማክሰኞ

እናቴ ልክ ነበረች። የደሴ ብርድ ፊት ላይ ይመታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይቅርታ ይጠይቃል። የለንደን ብርድ ከጫማ ሥር ገብቶ እዚያው ይከራያል።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የተቀበሉኝ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ደሴ ውስጥ ከአያቴ ቤት አጠገብ ያደጉ፣ በደርግ ጊዜ የወጡና የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሴት ናቸው። በፎቶ እንጂ በአካል አይቻቸው አላውቅም። እሳቸው ግን ገና ከሩቅ «ይቺ የእማማ ዘነቡ ግንባር ናት» ብለው የአያቴን ስም ለሰው ሁሉ እያሰሙ መጡ። ያመጡልኝን ካፖርት እላዬ ላይ ጣሉና ከላይ እስከ ታች ቆለፉኝ። ናሆም ዘመዶቹ ዘንድ ወደ ዌምብሊ ሄደ።

የመጀመሪያው ጥፋቴ የባቡር ጣቢያው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ነው። ለሚቸኩል ሰው በሚተወው በግራ በኩል ቆምኩ። አንድ ሰውዬ ከኋላዬ በለሰለሰ ድምፅ «ሶሪ» አለኝ። እኔም ምን አድርጎኝ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ግራ ገብቶኝ ፈገግ አልኩለት። ደገመው። እትዬ ጥሩነሽ በክንዴ ጎትተው ወደ ቀኝ አወጡኝ።

«እዚህ አገር ሁለት ጊዜ ‹ሶሪ› ካሉሽ ጥፊ ነው ብለሽ ቁጠሪው» አሉኝ።

ቤታቸው ኬንቲሽ ታውን ውስጥ የካውንስል ፍላት፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤት የሚያከራየው ቤት ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ሻንጣዬን ተሸክመን ወጣን፤ እሳቸው ከኔ ቀድመው ደረሱ። «ሂቲንጉን ኦን አድርጌልሻለሁ፤ ብርድ ከተሰማሽ ግን አትፈሪ፣ ንገሪኝ» አሉ። ቁሌቱን ሲያቁላሉ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። እሳቸው አልደነገጡም፤ ወንበር ላይ ወጥተው በፎጣ አራገቡለትና ዝም አለ። ምስር ወጥ በእንጀራ በላን፤ ቀጥሎ ከላዩ ፍርፋሪ የተጋገረበት የፖም ጣፋጭ ሞቅ ካለ ቢጫ ክሬም ጋር ቀረበ። ለእኛ ቤት ሰው እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም፤ ጨጨብሳ ፍራፍሬ ቢያገባ እንዲህ ያለ ልጅ ይወልዳል።

ግድግዳው ላይ የአንዲት ወጣት ፎቶ አለ። ብሌን ናት፤ የሟች ታናሽ እህታቸው ልጅ። ካምፓላ ውስጥ በስደት ትኖራለች። አሜሪካ ሊቀበላት ተስማምቶ፣ ተመርምራ፣ የጉዞ ቀኗ ተነግሯት ሻንጣዋን ዘግታ ነበር። አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥልጣን እንደያዙ በፈረሙት ትእዛዝ የስደተኞች ጉዞ ቆመ። የእሷም አብሮ ቆመ። ከዚያ ፍርድ ቤት ትእዛዙን አገደ ተባለ፣ ከዚያ የበላይ ፍርድ ቤት እግዱን አነሳ ተባለ፣ አሁንም ክርክሩ አላለቀም።

«ወንድሜ ደምሴ ‹ፕሬዚዳንት ከወሰነ ወሰነ፤ ልጅቷ ደሴ ትመለስና ኑሮዋን ትጀምር› ይላል። እኔ ጠብቂ ነው የምላት» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «ሕግ ያለበት አገር ነው። አንድ ሰው በእስክሪብቶ የዘጋውን ዳኛ ይከፍተዋል። አንቺ ሕግ ተማሪ ነሽ፤ አይደለም እንዴ?»

ካፖርታቸውን ለብሼ፣ ምግባቸውን በልቼ፣ ምን ልበል?

«እውነትዎን ነው» አልኩ።

ረቡዕ

ወደ ሌላኛው ሰፈር ወደ ዊልስደን ጋሽ ደምሴን ልጠይቅ ሄድኩ። ከደሴ የተላከ በርበሬ ነበረኝና ለሁለቱም ማድረስ ነበረብኝ። እትዬ ጥሩነሽ የወንድማቸውን ድርሻ ከፍለው ሲያሽጉልኝ ምንም አላሉም፤ ግን ከራሳቸው ድርሻ ሁለት ማንኪያ ጨመሩበት።

አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ቆሜ እያየኝ አለፈ። ለካ እጅ ማንሳት ኖሯል። እኛ አገር ታክሲ ቤትህ ድረስ ተከትሎህ ይጠራሃል፤ እዚህ ግን መሄድ የምትፈልገው አንተ ነህ። ሁለተኛው ሲመጣ ሁለቱንም እጄን አነሳሁ፤ ሹፌሯ የታፈነ ሳቅ ስቃ በሩን ከፈተችልኝ።

ጋሽ ደምሴ ራሳቸው የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ይህን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የዕረፍት ቀናቸው ስለነበረ ጥብስ ሠርተው ጠበቁኝ፤ ሥጋውን መርጠው ወደኔ በኩል እየገፉ ለራሳቸው ሽንኩርቱን ይበላሉ። ደሴ ውስጥ ፒያሳው፣ ሆጤ፣ አሮጌው ቤታቸው አጥሩ መኖር አለመኖሩ፣ ሁሉንም ጠየቁኝ። ስለ እህታቸው ግን የጠየቁኝ በመጨረሻ ነው።

«ሊፍቱ ተሠራላት?»

«አልተሠራም።»

«ጉልበቷን ያማታል እኮ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሁለቱ ከፋሲካ ወዲህ አንድ ገበታ ላይ አልቀረቡም። ምክንያቱን ጋሽ ደምሴ በራሳቸው መንገድ ነገሩኝ። «እህቴ ብሌንን ዳኛ ያድናታል ትላለች። ዳኛ አውሮፕላን አያስነሳም። አውሮፕላኑም፣ ቢሮውም፣ ዘበኛውም በፕሬዚዳንቱ እጅ ነው። ሕዝብ መርጦታል፤ አደርገዋለሁ ያለውን አደረገ። ልጅቷን ተስፋ እያበሉ ከማስቀመጥ ‹ቤትሽ ግቢ› ማለት አይሻልም? አንቺ ሕግ ተማሪ ነሽ።»

የመጨረሻው ቁራጭ ሥጋ ሳህኔ ላይ ነበር። ደግሞም በአባት ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው።

«እርስዎም እውነትዎን ነው» አልኩ።

ይህን የማስተባብለው ነገር አይደለም። ሽማግሌ ሲናገር «አይደለም» ማለት ያልተማርነው ነገር ነው፤ ክርክር ክበብ ውስጥ እንከራከራለን እንጂ እቤት ገብተን ከትልቅ ሰው ጋር አንሞክረውም።

ሐሙስ

የውድድሩ ቀን። ያን ያህል ሰው፣ ያን ያህል አገር በአንድ አዳራሽ አይቼ አላውቅም። ልቤ ከኔ ቀድሞ መድረክ ላይ ወጥቶ ነበር። ዕጣ ሲወጣ የደረሰን ለፕሬዚዳንቱ ሥልጣን መሟገት ነው።

ናሆም ከፈተ፤ እኔ ቀጠልኩ። አስፈጻሚ ማለት የሚፈጽም ነው፤ አደጋ ሲመጣ ምክር ቤት ተሰብስቦ እስኪጨቃጨቅ አገር አይጠብቅም፤ የመረጠ ሕዝብ ያልወደደውን ሲያይ በሚቀጥለው ምርጫ ያወርደዋል አልኩ። መሐል ላይ የሰው ዐይን ሲከተለኝ ታወቀኝና ሞቀኝ። አሸነፍን። ናሆም እጁን በኪሱ ከትቶ እንደ ትልቅ ሰው ሊራመድ ሞከረና አልቻለም፤ መተላለፊያው ላይ ዘለለ።

ማታ ለእራት ስደርስ እትዬ ጥሩነሽ «ዕጣው ማንን ሰጣችሁ?» አሉ።

«ፕሬዚዳንቱን።»

«ውይ ልጄ።» ሻርፓቸውን አውልቀው ለነገ እንዲሆን ከካፖርቴ ጋር ሰቀሉት። «ለሰውየው ብትከራከሪም ብርድ አይምታሽ።»

እራቱን ሳንጨርስ ስልካቸው ጠራ። ብሌን ናት፤ የፈለገችው ግን እኔን ነው። ድምፅዋ ለስላሳና ቀጥተኛ ነው።

«እህቴ፣ እንኳን ደህና ገባሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እትዬ ደውለው ‹ከአገር ቤት የመጣችው የሕግ ተማሪ ጠብቂ ብላለች› አሉኝ። ዛሬ ደግሞ ጋሼ ደውለው ‹የሕግ ተማሪዋ ተመለሺ ብላለች› አሉኝ። የትኛውን ነው ያልሽው?»

እኔ ለገበታ ያልኩትን ቃል እነሱ ለልጅቷ ሕይወት አድርሰውታል። ምን እንደመለስኩ በደንብ አላስታውስም፤ «አስቤ እደውልልሻለሁ» ያልኩ ይመስለኛል። ስልኩን ሳስቀምጥ እትዬ ጥሩነሽ እያዩኝ ነበር።

«ደምሴንም ‹እውነትዎን ነው› አልሽው?»

አንገቴን ደፋሁ።

አልተቆጡም። ስልኩን አንስተው ወንድማቸው ጋ ደወሉ፤ ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም። «ይቺን ልጅ አስጨንቀህ ነው ያስማማሃት» አሉ። ከዚያኛው ጫፍ የመጣው ድምፅ እኔም ዘንድ ይሰማ ነበር፤ «ጥብስ ያስጨንቃል እንዴ? ያስጨነቅሻት አንቺ ነሽ፤ በካፖርት» ይላል። ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ «ቅዳሜ እመጣለሁ። በሁለታችን ፊት ትናገር። መንገደኛ ናት፤ ትዳኘን» አሉ።

የሕግ ታሪክ መምህራችን ያስተማሩንን አስታወስኩ። ድሮ የተጣሉ ሰዎች መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው አቁመው «ዳኘን» ይሉት ነበር፤ መንገደኛውም ቸኩያለሁ ብሎ ማለፉ ነውር ነበር። ማስታወሻዬ ላይ ከሥሩ አስምሬበታለሁ። እኔ ላይ ይደርሳል ብዬ ግን አልነበረም።

ዓርብ

በሁለተኛው ዙር በጥቂት ነጥብ ተሸነፍን። ዕጣው በዚህ ጊዜ ሥልጣኑ ይገደብ የሚለውን ሰጠን፤ የምፈልገው እሱን ነበር፤ ግን ስለ ብሌን እያሰብኩ ሰዓቴን አባክኜ መጨረሻው ላይ ተቻኮልኩ። ዳኛዋ አስተያየት ሲሰጡኝ «የምታምኚበትን ስትናገሪ ፈጠንሽ» አሉኝ። ናሆም አላኮረፈኝም። የዌምብሊ ዘመዶቹ ምሳ ጋበዙን፤ ከታወቀው የዌምብሊ ስታዲየም ሥር ቆመን ፎቶ ተነሳን። የኛ አገር ስታዲየም ዙሪያ ሥጋ ቤትና ልብስ ሰፊ ይኖራል፤ እዚህ ዙሪያውን መስታወት የሆኑ አዳዲስ ፎቆች ቆመው ስታዲየሙ ራሱ እንግዳ ይመስላል። ደስ ይላል፤ ግን ሐሳቤ ቅዳሜ ላይ ነበር።

ቅዳሜ

ጋሽ ደምሴ ከረባት አስረው መጡ። አራቱን ፎቅ ወጥተው በሩ ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያ ቃላቸው «ይኼን ሊፍት ሪፖርት አድርገሻል?» የሚል ነበር።

«ሦስቴ።»

«እኔ ኢሜይል አደርግላቸዋለሁ።»

«አታድርግ፤ አንተ ስትጽፍ ይሰደባሉ።»

ተቀመጡ። ሁለቱም እኔን አዩኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነበረኝ።

«ባለጉዳይዋ በሌለችበት አልዳኝም» አልኩ።

«ማን ናት ባለጉዳይዋ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ብሌን ናት።»

«ልጅ በትልልቅ ሰው ሙግት መሐል ምን ትሠራለች?»

«ደምስ፣ ዳኛዋ ካለች አለች ነው» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። ደወልንና ስልኩን ድምፁን ከፍተን ከዳቦው ሳህን ጋር አስደገፍነው። ብሌን «አለሁ» አለች፤ ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ሰማች።

ወደ ሁለተኛው ትእዛዝ አለፍኩ። «እኛ ውድድር ላይ ሰው የሚያምንበትን አይመርጥም፤ በዕጣ ነው። ዛሬ እትዬ ለፕሬዚዳንቱ ይሟገታሉ። ጋሼ ደግሞ ለፍርድ ቤቱ።»

«ምን ያለች ዳኛ ናት» አሉ ጋሽ ደምሴ። እትዬ ጥሩነሽ ግን ወንበራቸውን አስጠግተው ነበር። እግራቸውን እንደ ወንድማቸው አጣምረው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ድምፃቸውን አጎርንነው ጀመሩ።

«አገር ቤት ነው። ቤት ደግሞ በር አለው። አንዱ ሲከፍት አንዱ ሲዘጋ ከዋለ ብርድ ይገባል። ስለዚህ በሩን አንድ ሰው ይያዘው። ሰውየው እዘጋለሁ አለ፣ ተመረጠ፣ ዘጋ። ቃሉን የሚጠብቅ መሪ አጥተን አይደል እኛ እዚህ የደረስነው?»

ጋሽ ደምሴ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ይኼን እኔ ራሴ እንዲህ አሳምሬ ብዬው አላውቅም።»

«አንተ መቼ ታሳምራለህ። ተነሳ፣ ያንተ ተራ ነው።»

ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «እንግዲህ…» አሉ፤ ቆይተው ቀጠሉ። «ሕጉን ያወጣው ምክር ቤቱ ነው። ስደተኛ በዚህ በዚህ መንገድ ይግባ ብሏል። ልጅቷ ሕጉን አመነች። ተመረመረች፣ አሻራ ሰጠች፣ ሻንጣዋን ዘጋች። ሰውየው ደግሞ ሕጉን ሊያስፈጽም ነው የተቀጠረው። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። መስመሩን የምሠራው እኔ አይደለሁም። አልተመቸኝም ብዬ መንገድ ላይ ተሳፋሪ አውርጄ መብራት አጥፍቼ መሄድ እችላለሁ? አልችልም። የሚጠይቀኝ አለ። እሱንም የሚጠይቀው ሊኖር ይገባል። ምክንያቱም ያቺ የወረደችው ተሳፋሪ…»

ቆሙ። ስልኩን አዩት።

«ያቺ ተሳፋሪ ሌላ አውቶቡስ የላትም» አሉ።

ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ወደ ራሳቸው ተመልሶ ነበር።

«ዳኛ ቢያሸንፍስ መቼ ነው የሚያሸንፈው? ልጅቷ በአንዲት ክፍል ውስጥ ስትጠብቅ ዕድሜዋ እየሄደ ነው። ለዚህ ነው ትመለስ ያልኩት። ሰውየውን ወድጄው መሰለሽ እንዴ?»

«ወደኸው ነበር የመሰለኝ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«አልወደድኩትም።»

«እንዲያ ብትለኝ ምን ነበረ?»

«መቼ አስጨረስሽኝ?»

ከዚያ ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። ፍርድ ይጠበቃል። እንዳላስከፋቸው ሁለት ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«አላውቅም» አልኩ። «ፍርድ ቤቶቹም ገና አልጨረሱም። የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ይጸናል ወይስ ይሻራል፣ አሜሪካ ራሷ እየተጨቃጨቀችበት ነው። ማክሰኞም ረቡዕም አላውቅም ነበር፤ ‹እውነትዎን ነው› ያልኩት እንዳይከፋችሁ ነው። ብሌን፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ስልኩ ውስጥ መጀመሪያ የመንገድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የሞተር ብስክሌት ጡሩምባ።

«እኔ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ» አለች ብሌን። «እዚሁ ካምፓላ፣ ነርስነት። ተቀብለውኛል። ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ ነርስ ሆኜ እሄዳለሁ፤ ካልፈቀደ ነርስ ሆኜ እዚህ እኖራለሁ።»

«መቼ አፕላይ አደረግሽ?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«እናንተ ስትኳረፉ።»

«ማን ፈቀደልሽ?» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር።

«ማንም። አንዳችሁ ጠብቂ ትሉኛላችሁ፣ አንዳችሁ ተመለሺ። ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ እስከ ዛሬ የለም። እንዳትቆጡኝ ፈርቼ ነው ያልነገርኳችሁ።»

ጋሽ ደምሴ ሊመልሱ ሲሉ እትዬ ጥሩነሽ እጃቸውን ክንዳቸው ላይ አኖሩ።

«ተዋት ትናገር። ቀጥዪ ልጄ። ነርስነቱ ስንት ዓመት ነው?»

ብሌን መናገር ጀመረች፤ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ነጩ ጋውን፣ አናቶሚ ስለተባለው የሚያስፈራ ኮርስ። ከደሳለሽ ምግብ በቀር ምንም አልጎደለኝም አለች፤ ደሳለሽ ማን እንደሆነች ሲያስረዱኝ ሁለቱ ቃል እየተነጣጠቁ ነበር፤ ደሴ የሰፈራቸው ሳምቡሳ ሻጭ ናት። ወጡ ቀዘቀዘና እንደገና ሞቀ። ጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ በዚህ ጊዜ ወንበር ላይ የወጡት ጋሽ ደምሴ ናቸው። እህታቸው ከታች ወንበሩን ይዘው «ቀስ በል፣ አርጅተሃል» ይሉ ነበር።

ሰኞ

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስመን ተመለስንና ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ስላልተወን ተኝቼ ዋልኩ። ሰኞ መመለሻዬ ነበር። ጋሽ ደምሴ ፈረቃቸውን ቀይረው በመኪናቸው መጡ። እትዬ ጥሩነሽ ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ፣ ለናሆም ቦታ ለመተው ከሻንጣዬ ጋር ተጣብቤ። ገና ከኬንቲሽ ታውን ሳንወጣ መንገድ ምርጫ ላይ ተጣሉ። ጋሽ ደምሴ ከተማውን በአውቶቡስ ሹፌር ዐይን ነው የሚያውቁት፤ እትዬ ጥሩነሽ በተሳፋሪ ዐይን። ሁለቱም ትክክል አይመስሉኝም ነበር፤ ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ሦስተኛ መንገድ ያሳይ ነበርና ይህንኑ ተናገርኩ። «ዝም በይ አንቺ፤ ሥልጣንሽ ቅዳሜ አብቅቷል» አሉኝ ጋሽ ደምሴ፤ ሆኖም ወደዚያው ታጠፉ።

ዌምብሊ ናሆምን ጭነን ስንወጣ እትዬ ጥሩነሽ ካምፓላ ደወሉ፤ ድምፁን ከፈቱት። የምዝገባ ቀኗ ነበር። ጋሽ ደምሴ ገና «ሄሎ» ሳይባሉ ምክር ጀመሩ፤ ወረቀቷን ሁሉ ኮፒ ታድርግ፣ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ ማታ ብቻዋን አትሂድ። እትዬ ጥሩነሽ ከጎን ቁርስ መብላቷን ይጠይቃሉ። ከስልኩ ውስጥ የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ጋሼ፣ እትዬ፣ ተራዬ ደርሷል፤ ስሜን እየጠሩ ነው» አለች ብሌን። «በኋላ ሲመቸኝ እደውልላችኋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ጋሽ ደምሴ ቀይ መብራት ላይ ቆመው ወደ እህታቸው ዞሩ።

«ዘጋችብን።»

«አዎ፣ ዘጋችብን» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፤ ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩት። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ ሁለቱም እየሳቁ ነበር።